የማን ነበር?

መካኒኬ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ብሎን ሲፈታ ያወራል፣ ብሎን ሲያጠብቅ ያወራል፤ በጥርሱ ሽቦ ነክሶ እንኳን ስለ ትናንቱ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ረቡዕ ጠዋት ግን ገዝቼ ያመጣሁለትን አሮጌ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ) ከታች በኩል ከፈተና ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ካየው በኋላ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከጎኑ ከመነዳሪ የሚለጥፈው ልጅ ሥራውን አቁሞ ቀና አለ። እኔ ዕቃው የተሰነጠቀ መስሎኝ ልቤ ወረደ።

«ዶክተር፣ ይህን ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሌሊት ስነቃ የምሰማው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እኔ ራሴ ሻጩን ልጠይቀው የሚገባኝ፣ ምላሴ ጫፍ ደርሶ መልሼ የዋጥሁት ጥያቄ ነበርና። ብዙ ጊዜ ስለ ላምና ስለ በሬ እንጂ ስለ ራሴ አልጽፍም። ይህን ግን ካልጻፍሁት የሚለቀኝ አልመሰለኝም።

ከአዘዞ እስከ ጣና ዳር

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ሥራዬ ግን ወደ ቆላ ድባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ተበትኗል። ጥጃው በጎን የመጣባት ላም ሰዓት አትጠብቅም፤ በበረዶ ሣጥን የያዝሁት የአባ ሰንጋ ክትባትም ፀሐይ ላይ ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ያለ ሞተር ሳይክል ሐኪም ነኝ ማለት አልችልም። ያለችኝ አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ናት፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝቻት ከእኔ ጋር ብቻ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ለእርሻ መሬት ታስባ የተሠራች ናት፦ ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይነካው በሽፋን ውስጥ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት፣ ተዳፋት ላይ በየትኛውም በኩል ማቆም እንዲቻል መቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው። በክረምት የደምቢያ ጥቁር አፈር ላይ ሌላው ሲሰምጥ እሷ ታልፋለች።

ያረጀው ካርቡራተሯ ነበር። ነዳጅ ስሰጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተተው ክፍል ከዓመታት መፋተግ ብዛት ቤቷን አስፍታ ትርፍ አየር ማስገባት ጀመረች። ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ትርፍ አየር አይወድም። ቤንዚኑ ይሳሳበታል፣ ሙቀቱ ያለ ልክ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። መካኒኬ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፤ «ይህን ይዘህ ቁልቁለት አትውረድ» አለኝ።

ስለዚህ ሰው እጅ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከእጁ የመጣ ነውና። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋብሪካው ለቆላ ብሎ የለካው የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ይሰፋል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መካኒኬ ለፒያሳና ለማራኪ ሰው አንድ ልክ አለው፤ እንደ እኔ ወደ ጣና ወርዶ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ሌላ ልክ አለው፤ የሐይቁ ዳር ከከተማው ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላልና። የትኛው ካርቡራተር የማን እንደሆነ በስም አያውቅ ይሆናል፣ እጁ የነካውን ግን አይረሳም።

አዲስ ዕቃ ያልገዛሁት ለምንድን ነው? በሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር የመለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ያለው ዋጋም አብሮ ተሻገረ። የእኔ ዓይነት አሮጌ ሞተር ዕቃ ቀድሞም በደጅ አይገኝም ነበር። አዲስ አበባ ደውዬ የተነገረኝ ዋጋ 9,500 ብር ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልሁበት ሳምንት ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ወደ አሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ሄድሁ።

6,700 ብር

አሮጌ ዕቃ መግዛት በራሱ ነውር የለውም። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የጎንደር ሞተር ሳይክሎችና ባጃጆች ግማሽ አካል ከሌላ ሞተር የመጣ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። አንዱ ተገልብጦ ሻንሲው ይጣመማል፣ ቴስታታው ደህና ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የቆሙ ሞተሮቹን በጨረታ ያወጣል፤ ገዢው ከሦስቱ አንዱን አቁሞ የሁለቱን አካል ይሸጣል። አንዱ ይሞታል፣ ሚስቱ የግቢውን ሞተር ፈትታ ትሸጣለች። በእነዚህ ዕቃዎች ነው ገጠር ያለው ነርስ፣ መምህርና የግብርና ባለሙያ ሥራው ላይ የሚገኘው። የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ ከሌላ የመጣ ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፤ ጣሊያን በኅዳር 1934 ጎንደርን ሲለቅ ከፒያሳ ሕንፃዎች ጋር ትቷቸው የሄደ ቃላት ናቸው። ልዩነቱ የእነዚህን ምንጭ ማወቃችን ነው።

ሻጩ ወጣትና ትሑት ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። «ጋሼ፣ የሚፈልጉት አለኝ» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ካርቡራተሩ በቤንዚን ታጥቦ ያበራል። አንሥቼ አገላበጥሁት። ተንሸራታቿ ደህና ናት፣ ጥርሱ አልተበላም። ከዚያ ሁለት ነገር አየሁ።

አንደኛው የቤንዚን ቱቦው ነው። አፉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቱቦ ቀርቶበታል፤ ቱቦው ለስላሳና ያልደረቀ ነው፤ ጫፉ ግን በቢላዋ ተቆርጧል። የራሱን ሞተር የሚፈታ ሰው ቱቦ አይቆርጥም። ማያያዣውን ያላላል፣ ጎትቶ ያወጣዋል፤ ቱቦም ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የነዳጅ መስጫው ገመድ ነው። እሱም በፒንሳ ተበጥሶ ጫፉ እንደ መጥረጊያ ተበታትኗል። ገመዱን በወጉ ለመፍታት አንድ ክዳን ማዞር ይበቃል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የቆረጠው ሰው ግማሽ ደቂቃ አልነበረውም።

ይህን ሁሉ አሁን ተቀምጬ የደረስሁበት አይደለም። እዚያው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አውቄዋለሁ። ሃያ ዓመት የእንስሳ ቁስል ሳይ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አጥር የቧጨረውንና ቢላዋ የቆረጠውን ለይቼ አውቃለሁ። ለሻጩ ሦስት ጥያቄ አቀረብሁለት። ይሠራል ወይ? የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው? ባይሆንልኝ ትመልስልኛለህ ወይ? ሦስቱንም በትሕትና መለሰልኝ። አራተኛው ጥያቄ ሁለት ቃል ነው፤ የማን ነበር? አልጠየቅሁም። 2,800 ብር ቆጠርሁለት፤ «ደረሰኝ ያስፈልግዎታል?» ሲለኝ «ግድ የለም» አልሁት።

ቤቴ ስገባ የተረፈኝን አሰላሁ፤ 6,700 ብር። ርካሽ ዕቃ አገኘሁ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኋት፣ እሷም ደስ አላት። ዛሬ ያንን ሒሳብ የምሠራው በሌላ መንገድ ነው። ያ ካርቡራተር እኮ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ምንጩ የታወቀ ቢሆን ሻጩ አምስት ወይም ስድስት ሺህ ብር ይጠይቅበት ነበር፣ ያገኝበትም ነበር። ዋጋውን ያወረደው የዕቃው ማርጀት አይደለም። ያ ሁሉ ቅናሽ ላለመጠየቄ የተከፈለኝ ገንዘብ ነው። ገዢ ነኝ ብዬ ገባሁ፣ ዝምታ ሽጬ ወጣሁ።

የሽቦዋ ዘንግ

ወደ ረቡዕ ጠዋቱ ልመለስ። ካርቡራተር ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ገንዳ አለችው፤ በገንዳዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ተንሳፋፊው ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው በአንዲት ከክብሪት እንጨት የምትቀጥን የብረት ዘንግ ተይዞ ነው። መካኒኬ በጥቁር ጥፍሩ ያሳየኝ ያችን ዘንግ ነበር። የፋብሪካ ዘንግ አይደለችም። ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ተቆርጣ፣ በሞረድ ተስላ፣ ጫፏ እንዳትወጣ በመዶሻ ትንሽ ተነጥፋለች።

«ይህችን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለኝ።

«ሌላ ሰውስ እንዲህ አይሠራም?»

«ይሠራ ይሆናል። ግን ጫፏን አየህ? በግራ በኩል ነው የመታሁት፤ ቀኙ በኩል ብረቱ ተሰንጥቆ ስለነበረ። ስንጥቁ ይኸው።»

ስንጥቁ እዚያው ነበር፤ ፀጉር የምታህል መስመር። እንግዲህ የማልረሳት ቅጽበት የምትከተለው ናት። «እርግጠኛ ነህ?» አልሁት። ቃሉ የጠንቃቃ ሰው ጥያቄ ይመስላል። አንድን ሰው ከመወንጀል በፊት መጣራት አለበት የሚል፣ ሚዛናዊ ሰው የሚጠይቀው። እውነቱ ግን ይህ አልነበረም። አይኑን አይኑን እያየሁ «እርግጠኛ አይደለሁም» እንዲለኝ እየለመንሁት ነበር። ትንሽ ጥርጣሬ እንዲሰጠኝ፣ የምደበቅበት ያህል ብቻ። አንድ ቃል ቢያላላ ኖሮ ካርቡራተሩ በዚያው ጠዋት ይገጠም ነበር፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ቆላ ድባ ላይ ነበርሁ።

«የእጄን ሥራ አላውቅም እንዴ?» አለኝ። አልተቆጣም፤ አዘነ። ካርቡራተሩን በጨርቅ ላይ አስቀመጠው፣ እጁን በአመድና በሳሙና ታጠበ፣ መጥቶም አጠገቤ ተቀመጠ። ባለቤቱ በጎርጎራ መንገድ ላይ ካለ አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አዛውንት መምህር መሆናቸውን ነገረኝ። ዘንጓን የሠራላቸው በሰኔ ነው። ሞተራቸው በነሐሴ አንድ የዝናብ ሌሊት ከግቢያቸው እንደተሰረቀ ሰምቷል፤ በየጋራዡ እየዞሩ ጠይቀው ነበር፣ እሱ ጋም መጥተው ነበር። «ምንም ካየህ ንገረኝ ብለውኛል» አለ። ከዚያም ይህን ጨመረበት፦

«አሁን ነገሩ ያንተ ነው። ዝጋው ካልኸኝ እዘጋዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ሞተርህን ሌላ ሰው ይሥራልህ።»

ቆራጥ መልስ ሰጠሁ ብል ደስ ባለኝ ነበር። «እስከ ነገ ልየው» ነበር ያልሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ በዚያ ሌሊት ግን ዝምታ እንደ እህል ሲነቅዝ ሰምቼዋለሁ።

ቁጥር የሌላቸው ነገሮች

ያን ሌሊት ራሴን የተከራከርሁባቸውን ነገሮች እዚህ ላስፍር፤ ብዙ ሰው በየቤቱ የሚከራከርባቸው ይመስሉኛልና። አንደኛው «ማስረጃ የለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሊብሬ ላይ የሚሰፍረው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ነው። ካርቡራተር፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬ፣ የፊት መብራት ስም የላቸውም። ሙሉ ሞተር ሳይክል የሰረቀ ሰው በየኬላው ታርጋና ቁጥር ይጠየቃል፤ ፈታትቶ በጆንያ የያዘው ሰው ግን የብረት ነጋዴ ነው። አንድ ሌሊት በመፍቻ ተሠርቶበት የመምህሩ ንብረት የማንም ያልሆነ ክምር ሆነ። ማስረጃ የለም ማለት እንግዲህ ሌባው ሥራውን በደንብ ሠርቷል ማለት እንጂ ዕቃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው «እኔ አልሰረቅሁም» የሚለው ነው። ሕጉን አንሥቼ አየሁት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ከወንጀል የተገኘን ንብረት የሚገዛውንና የሚቀበለውን ሰው ሲያስጠይቅ የሚመለከተው የሚያውቀውን ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ሲገባው ያላወቀውንም ይጨምራል። «ማወቅ ሲገባው» የሚለው ሐረግ ላይ ስደርስ የተቆረጠው ቱቦ በዓይኔ መጣ። ሕግ አውጪው እዚያ ሱቅ ውስጥ ከጎኔ ቆሞ ያየ መሰለኝ።

ሦስተኛው ክርክር ይበልጥ ያሳፍረኛል። ዕቃውን ላስገጥምና 2,800 ብሩን፣ ከፈለገም እጥፉን፣ ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ አልሁ። ጠዋት ተነሥቼ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ልጄ፣ የመምህሩን ቤት ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «አውቀዋለሁ» አልሁ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉ። ዘኬዎስ ‘የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ’ ያለው ለበደለው ሰው እንጂ ለምጽዋት ሣጥን እንዳልሆነ አስታወሱኝ። በሰው ንብረት የሚሰጥ ምጽዋት የለም አሉኝ፤ ይህን ብለው ወደ ቅዳሴያቸው ገቡ።

አያቴ የነገሩኝ አውጫጭኝ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያሰብሁት አያቴን ነበር። በልጅነቴ ስለ አውጫጭኝ፣ አንዳንዱ አፈርሳታ ስለሚለው፣ ብዙ አጫውተውኛል። በሬ ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ ይጠራል። ከዛፍ ሥር ወይም ከሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ እርሻውም ወደ ገበያውም አይሄድም። በአደባባይ መናገር የሚፈራ ሰው በስውር ይናገራል፤ ይህን ምስክር ‹ወፍ› ይሉት ነበር። ሌባው ካልታወቀ ደግሞ የጠፋውን ንብረት ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል።

በልጅነቴ ይህ የመጨረሻው ክፍል ግፍ ይመስለኝ ነበር። ያልሰረቀ ሰው ለምን ይከፍላል? ሥርዓቱ ክፉ ገጽታም ነበረው፤ በጠብና በቂም ስሙ የተነሣ ንጹሕ ሰው አይጠፋም፤ ሥራ ፈትቶ ቀናት የሚቆጥረው ድሃውም ቀላል በደል አልደረሰበትም። ይመለስልን አልልም። ግን የክፍያው ሐሳብ አሁን ገባኝ። በሬ በሌሊት ሲነዳ ከአንድ ሰው ደጅ አልፎ ነው፤ ውሻ ጮኾበታል፤ አንድ ሰው ሥጋውን በርካሽ ገዝቷል። የመምህሩ ሞተርም እንዲሁ ነው። የፈታው አለ፣ ቤቱን ያከራየ አለ፣ በባጃጅ ያጓጓዘ አለ፣ የሸጠ አለ፣ የገዛሁ እኔ አለሁ። ሁላችንም አንድ ዛፍ ሥር ብንቀመጥ እያንዳንዳችን የምናውቀው ቁራጭ ተገጣጥሞ ሙሉ ሞተር ይወጣው ነበር። ዛፉ የለም፣ መዋጮውም የለም። የሁላችንንም ዕዳ እየከፈሉ ያሉት መምህሩ ብቻቸውን ናቸው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ዋናው ጥፋተኛ ሻጩ ነው ይሉኛል። ጥፋቱን አላነሣለትም። ነገር ግን ያ ልጅ ጋዜጣ የጠቀለለውን ዕቃ ይዞ የመጣውን ሰው ያልጠየቀው እኔ እሱን እንደማልጠይቀው ስለሚያውቅ ነው። ከእኔ በፊት የመጡ መቶ ገዢዎች አስተምረውታል። ሦስቱን ጥያቄዎች በቃሉ ያውቃቸዋል፤ አራተኛው ከመቶ ሰው አንድም ጊዜ ቀርቦለት እንደሆነ እንጃ። ገዢው የሚጠይቅበት ገበያ ቢሆን በቢላዋ የተቆረጠ ቱቦ ያለበት ካርቡራተር ሁለት መቶ ብርም አያወጣም፤ ዝናብ ውስጥ የሰው አጥር ለመዝለል ደግሞ ሁለት መቶ ብር አይበቃም።

ቆላ ድባ፣ አንድ ሻይ ቤት

ለመምህሩ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወልሁ። ቅዳሜ ቆላ ድባ ተቀጣጠርን። በቀጭን ከዘራ ተደግፈው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አቧራ ለብሶ መጡ። ከትምህርት ቤታቸው ድረስ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ካርቡራተሩን ከጋዜጣው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ወዲያው አላነሡትም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ካደረጉት በኋላ ነው የነኩት።

«እሷ ናት» አሉ። ደስታም ንዴትም አላየሁባቸውም። አንድ ካርቡራተር ምን ይሠራላቸዋል? ሞተሯን እሳቸውም እንደ እኔ በጨረታ ነው የገዟት፤ ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድረው። ብድሩ ገና አሥራ አራት ወር ይቀረዋል። «ሞተሯ ሄደች፣ ዕዳዋ ቤት ቀረ» አሉኝ። በሳምንት ሁለት ቀን አልጋ ላይ ያሉ እናታቸውን ያዩ ነበር፤ አሁን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሆኗል።

ከዚያ ቀና ብለው፣ ተማሪ እንደሚጠይቁ ያህል በለሆሳስ ጠየቁኝ። «ሲገዙት ጠርጥረው ነበር?»

«አዎን» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሻያቸውን ጠጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሒሳቡን ልከፍል እጄን ስሰድ ያዙኝና እሳቸው ከፈሉ፤ «እንግዳዬ ነዎት» አሉ። ያ የሁለት ሻይ ዋጋ እስከ ዛሬ ከ6,700 ብሩ ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አብረን ወደ ፖሊስ ሄድን፤ ቃሌን ሰጠሁ፣ ፈረምሁ፤ የተቆረጠውን ቱቦ አይቼ እንደ ገዛሁም አልደበቅሁም። ካርቡራተሩ ኤግዚቢት ሆኖ ወረቀት ታስሮበት ቀረ። ሻጩ ከማያውቀው ልጅ እንደ ገዛው ተናገረ። ምርመራው አልተዘጋም፤ ከሞተሯ ሌላ አካል እስካሁን አልተገኘም። በዚያ የገበያ ረድፍ ሳልፍ ሰላምታ የነሡኝ ሰዎች አሉ። አንዱ «ዶክተር፣ ልጁ እኮ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት» አለኝ። ይህንንም ይዤው አድራለሁ። ባልናገር ኖሮም የመምህሩን እናት ይዤ አድር ነበር።

የመካኒኬ ደብተር

ከሁለት ወር በላይ በባጃጅና በእግር ሠራሁ። ሁለት ጥሪ ዘግይቼ ደርሻለሁ፤ በአንዱ ጥጃው ሞቶ ላሟን ብቻ አተረፍሁ። ያም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። አዲሱ ካርቡራተር በብድር ተገዝቶ፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ።

መካኒኬ እያወራ ከፈተው፤ ስለ ከተራ፣ ስለ መኝታ ክፍል ዋጋ፣ ስለ ልጁ ፈተና። ቀዳዳዋን ለጣና መንገድ በሚሆነው ልክ አስተካከላት። ከዚያ የተሳለ ምስማር አነሣና የገንዳዋን ውስጥ ወደ ብርሃኑ አዘነበለ።

«ስምህን ልጻፍበት ወይስ የታርጋ ቁጥርህን?»

«ሁለቱንም» አልሁት።

ከውጭ በማይታይበት፣ ከፍቶ የሚያይ ብቻ በሚያገኘው ቦታ በምስማሩ ጫረው። ከዚያ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ዘይት የነካው የተማሪ ደብተር አወጣ። የሠራውን ዕቃ ሁሉ መመዝገብ ጀምሯል፤ የዕቃው ዓይነት፣ ምልክቱ፣ የባለቤቱ ስም፣ ስልክ። የእኔን በሰባተኛው መስመር ላይ ጻፈ። ከመጀመሪያው መስመር ላይ የሰፈረውን አነበብሁ፦ ካርቡራተር፣ የሽቦ ዘንግ፣ በግራ በኩል የተመታች፣ የመምህሩ። ለዚያ መስመር ብቻ ከዳር ሌላ አምድ አስምሮ ‹የተመለሰበት ቀን› ብሎበታል። ቀኑ አልተጻፈም።